ባዶ መረብ ማጠብ፦ ዕቅድ ሲፈርስ በእግዚአብሔር መታመን ከየት ይጀመራል?

ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ማለዳ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የደረሰ ሰው ሁለት ዓይነት ዓሣ አስጋሪ ያገኛል። አንዱ ቆሮሶ ዓሣውን ከጀልባ እያወረደ፣ ከነጋዴ ጋር ዋጋ እየተከራከረ፣ ፍርፋሪ የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች እያባረረ ይዋከባል። ሌላው ፈንጠር ብሎ ተቀምጦ ባዶ መረብ ያጥባል። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ የምግብ ቤቴን ቁልፍ ለአከራዬ ባስረከብኩ በሦስተኛው ቀን፣ እግሬ ወደዚያ ወሰደኝና ዓይኔ ሁለተኛው ሰው ላይ ቀረ።

"ዛሬ ምንም አልያዝክም?" አልኩት።

"ምንም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ምኑን ታጥባለህ?"

ቀና ብሎም አላየኝ። "ካልታጠበ አረንጓዴ ይይዘዋል። ነገ ዓሣው ከሩቅ አይቶት ይሸሻል።"

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ጴጥሮስ "ሌሊቱን ሁሉ አድረን ስንደክም ምንም አልያዝንም" ሲል የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ከዚያ የተከተለውን የዓሣ ብዛትም ከልጅነታችን ጀምሮ ሲሰበክልን ኖረናል። ሦስት ቁጥር ወደ ኋላ ብትመለሱ ግን፣ ጌታ ወደ ሐይቁ ዳር ሲመጣ ሰዎቹ ከጀልባ ወርደው መረባቸውን ያጥቡ እንደ ነበር ተጽፏል። ምንም ያልያዘ መረብ! ስለዚህ እጥበት አንድም ስብከት ሰምቼ አላውቅም። ይህ መመሪያ የተነሣው ከእርሱ ነው።

የደረሰብኝን በአጭሩ ልንገራችሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ከተመረቀ ወዲህ ሀዋሳ ውስጥ ርካሽና ፈጣን ምሳ የሚፈልግ አዲስ ሕዝብ ተፈጥሮ ነበር፤ አብዛኛው ከገጠር መጥቶ አንዲት ክፍል በጋራ የሚከራይ ወጣት ነው። ለ14 ዓመት የቆየሁበትን የሒሳብ ሥራ ለቀቅኩ። የእቁብ ዕጣዬን 60 ሺህ ብር ተቀብዬ፣ ከታላቅ ወንድሜ 40 ሺህ ተበድሬ፣ የስድስት ወር ኪራይ አስቀድሜ ከፍዬ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሽሮና በየዓይነቱ የሚሸጥ ቤት ከፈትኩ። ንስሐ አባቴ ጸበል ረጭተው ባረኩልኝ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል) ተጠቃሚነት ወጣች፤ ልብስ ሰፍቶ ወደ አሜሪካ በመላክ ላይ የቆመው ሥራ ሲቀዘቅዝ የእኔም የምሳ ወረፋ ሳሳ። ክረምቱ ሳይገባ ዘጋሁ።

ገንዘቡ አንድ ነገር ነው። ሌሊት ሌሊት የከነከነኝ ግን ጸልዬበት መጀመሬ ነው። ሱባዔ ይዤበት ነበር። ሳይጸልዩ የከፈቱ ጎረቤቶች ያልዘጉትን ቤት እኔ ለምን ዘጋሁ?

እዚህ ጥያቄ ላይ የቆማችሁ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው፤ የፈረሰው ዕቅድ ንግድ ሊሆን ይችላል፣ ጋብቻ፣ ፈተና፣ ጉዞ፣ ወይም ያልተወለደ ልጅ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በግቢያችን ካሉት አራት ቤቶች ሁለቱ ግን ፕሮቴስታንት ናቸው። ከታች ያለውንም በቡና ላይ ከእነርሱ ጋር ስናነሣና ስንጥል ነው የለየሁት።

አንደኛ፦ ብሉና ተኙ

ነቢዩ ኤልያስ ሁሉም ነገር ከእጁ ሲወጣ ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ ያመጣው ትንቢትም ተግሣጽም አይደለም፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ነው። በላ፣ ተኛ። መልአኩ ደግሞ ቀሰቀሰው፤ ደግሞ በላ። በኮሬብ ተራራ "ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ 40 ቀንና 40 ሌሊት ከተጓዘ ወዲያ ነው። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን አውጥታችሁ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ።

እኛ ግን እንገለብጠዋለን። ለሞተ ሰው ሠልስት እንቀመጣለን፣ እስከ አርባ እንቆጥራለን። ለሞተ ዕቅድ ግን በማግስቱ ፈገግ ብለን "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ" እንድንል ይጠበቃል። ስለዚህ ለፈረሰው ዕቅድ ሠልስት ስጡት። በእነዚያ ሦስት ቀናት ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ፣ ዕቃ አትሽጡ፣ ለማንም ረጅም መልእክት አትጻፉ፤ "እግዚአብሔር ምን ሊያስተምረኝ ፈልጎ ይሆን?" የሚለውንም ጥያቄ ለጊዜው አሳድሩት። በሰዓቱ ብሉ። ቡና ከሰዓት በኋላ ተዉት፣ እንቅልፍ ይነሣል።

እኔ ያደረግኩት ተቃራኒውን ነው። እግዚአብሔር እስኪመልስልኝ ብዬ እህል ተውኩ። ንስሐ አባቴ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። "ልጄ፣ ይህ ኩርፊያ ነው እንጂ ጾም አይደለም። ሂጂና ራትሽን ብዪ" አሉኝ። ምን ያህል እንደ ተቆጣሁ አይጠየቅም። በልቼ ግን ተኛሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚሁ ላስገባ። ሁለት ሳምንት አልፎ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ አልገባ ካለ፣ ወይም መኖርን የሚያስጠላ ሐሳብ ከተመላለሰ፣ ያንኑ ቀን ለአንድ ሰው ተናግራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጸበሉና ጸሎቱ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የጀመራችሁትን መድኃኒት "እምነት ካለህ ተወው" የሚላችሁን ሰው አትስሙ፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን።

ሁለተኛ፦ እሮሯችሁን ለራሱ ንገሩት

ስለ ሀዋሳ ሐይቅ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ነው፤ በዓይን የሚታይ መውጫ ግን የለውም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ውኃው በፀሐይ እየተነነ ጨዉ እየቀረ እንደ ሻላና እንደ አቢያታ ሊሆን ይገባው ነበር። አልሆነም፤ ዓሣ ያረባል፣ ከብት ይጠጣዋል። የመስኩ አጥኚዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ ውኃው ከሥር፣ ማንም ሳያየው፣ በመሬት ውስጥ ይሰርጋል ይላሉ።

ቅሬታውን ለእግዚአብሔር የማይነግር አማኝ መውጫ እንደሌለው ሐይቅ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ይመራል። ምሬቱም ባለቤቱ ላይ፣ ልጆቹ ላይ፣ የተሳካለት ጎረቤቱ ላይ ይወጣል። አፉ "ተመስገን" ማለቱን አያቆምም።

መዝሙረ ዳዊት ለዚህ የተሰጠ መውጫ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ሳምንቱን ከፋፍሎ ይይዘዋል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። በዚህ አቆጣጠር ሰኞ ላይ 12ኛውን ታገኛላችሁ፤ በሌላው፣ በዕብራይስጡ፣ አቆጣጠር 13ኛው ነው። "አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ብሎ ይጀምራል፤ በሁለት ቁጥር ውስጥ አራት ጊዜ "እስከ መቼ" ይላል። ሐሙስ ላይ ደግሞ 87ኛው፣ በሌላው 88ኛው፣ ይመጣል። እርሱ ሲያልቅ እንኳ ብርሃን የለበትም፤ ወዳጅና ዘመድ እንደ ራቀ፣ ጨለማው እንዳለ ይዘጋል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል መራራ ጸሎት በየሳምንቱ እንዲደገም ማድረጓ ራሱ ፈቃድ መስጠት ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ሰው የማይሰማችሁ ቦታ ፈልጉ። እኔ የመረጥኩት በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 እግር መርገጫ የማይገኝበትን፣ በተራ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ከርግብ በቀር ድምፅ የማይሰማበትን የቅዱስ ገብርኤልን ቅጽር ነው። ጎረቤቴ ታቦር ተራራ ላይ ትወጣለች፤ ጉልበት ያለው ይውጣ። 12ኛውን መዝሙር ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ፣ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ በራሳችሁ ቃል ሦስት ነገር ተናገሩ፦ ምን እንዳስከፋችሁ፣ ምን እንደምትለምኑት፣ ከዚህ በፊት ያደረገላችሁን አንድ ነገር። ሦስተኛው አፋችሁ ላይ እምቢ ካለ ተዉት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። የእኔ ሦስተኛ የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው።

ለእግዚአብሔር ስታወሩ አታሳምሩ። "ፈቃድህ ይሁን" የሚለው ጸሎት እንኳ በጌቴሴማኒ የተጸለየው "ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ" ከተባለ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፦ ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉ

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያስፈልጋል። መሐል ላይ መስመር አስምሩ። በቀኝ "እኔ ያቀድኩት" በሉ፤ በግራ "እግዚአብሔር ቃል የገባልኝ"። ከዚያ በሐቀኝነት ሙሉት።

የእኔ ቀኝ አምድ ሞልቶ ተረፈ፦ በቀን 100 ሰሐን፣ በሁለት ዓመት ዕዳ መዝጋት፣ ሁለተኛ ቅርንጫፍ፣ ልጄን የግል ትምህርት ቤት ማስገባት። ወደ ግራው ስዞር ለሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ከቅዱሳት መጻሕፍት ተነሥቼ የጻፍኩት "ከእናንተ ጋር ነኝ" የሚለውንና መከራ እንደማይቀር የሚናገረውን ነበር። "ምግብ ቤትሽ ይሳካል" የሚል አንድ ቁጥር ፈልጌ አጣሁ። ዕቅዴን ጸልዬበት ስለ ነበር፣ ሳላውቀው የእርሱ ቃል ኪዳን አድርጌው ነበር ለካ። ያፈረሰብኝ መስሎኝ የተቀየምኩት እርሱ ያልገባልኝን ቃል ነው።

በዚህ ረገድ በባጃጆቻችን የኋላ መስታወት ላይ በብዛት የተለጠፈውን ኤርምያስ 29፥11ን ሳላነሣ አላልፍም፦ "ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ"። እውነት ነው፣ ጣፋጭ ነው። ነገር ግን ደብዳቤ ነው፤ የተላከውም በባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ባቢሎን ላይ የሚቆዩት 70 ዓመት እንደ ሆነ ይናገራል። ደብዳቤውን ከተቀበሉት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ አገራቸውን ሳያዩ ይሞታሉ ማለት ነው። ቁጥር 10ን የለጠፈ ባጃጅ እስካሁን አላየሁም።

ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ፣ በሕዝብ ፊት፣ ሁሉም በሁለት ዓመት ይመለሳል ብሎ ነበር። ኤርምያስ መጀመሪያ "አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ" አለው፤ እርሱም ቢሆን ይመኘው ነበርና። ነገር ግን እውነት አልነበረም። ዕቅዳችሁ በፈረሰ ሰሞን ሐናንያዎች ይበዙባችኋል። "በሦስት ወር በሩ ይከፈታል" የሚል፣ ቀን ቆርጦ የሚናገር፣ አንዳንዴም ዘር ዝሩ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ። እኔ ለአንዱ 2 ሺህ ብር ሰጥቻለሁ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ! ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የሰጣቸው ምክር ከዚህ ይለያል፦ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ላላችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ።

ወረቀቱን አትጣሉት። ቀኝ አምድ ላይ ካለው ውስጥ አሁንም የምትመኙትን በክብ አክብቡት። ምኞት ኃጢአት አይደለም፤ ምኞቱን ከቃል ኪዳኑ አምድ ማውጣታችሁ ይበቃል።

አራተኛ፦ ጥፋቱን ለየባለቤቱ መልሱ

ይህ እርምጃ ከሁሉም ይረዝማል፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጉድ ስለምትሸፍን ነው። ያልተጣራ ውል፣ ያልተነበበ ሰነድ፣ የሰነፈ ሠራተኛ፣ የዋሸ ሸሪክ ሁሉ በእርሷ ሥር ይደበቃል። በእግዚአብሔር መታመን ማለት ደግሞ እውነትን ለማየት አለመፍራት ነው፤ የሚታመን ሰው ምን ያስፈራዋል?

በወረቀቱ ጀርባ ሦስት ርእስ ጻፉ፦ የእኔ፣ የሌላ ሰው፣ የማንም ያልሆነ።

የማንም ባልሆነው ልጀምር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም፤ 3.3 በመቶ ናቸው። የጎረቤቴ ልጅ ከቀሩት አንዷ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታ ስትፈተን እናቷ ስታለቅስ፣ ስትጾም ከርማለች። ውጤቱ የመጣ ዕለት ልጅቱ "እግዚአብሔር አልወደደኝም" አለች። ከ100 ልጆች 97ቱ ሲወድቁ የአንዷን ልጅ ጸሎት መመዘኛ ማድረግ አይቻልም፤ ጉዳዩ ከእርሷ ጥናትም ከእናቷ ጾምም የሚሰፋ ነው። ይህን በቁጥር ስናሰላላት መጀመሪያ ያኮረፈች ይመስል ነበር። በኋላ የማካካሻ ትምህርቱን ተመዘገበች።

የሌላ ሰው በሚለው ሥር የምትጽፉት ካለ አጭር አድርጉት። ከተበደላችሁ ተበድያለሁ በሉ፤ ሽማግሌ ወይም ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው ከሆነ ሂዱ። ይቅርታ ማድረግ መብትን መተው አይደለም፣ ሁለቱን ደባልቃችሁ አትቸገሩ።

የእኔ በሚለው ሥር ምን ጻፍኩ? ሙሉ ገቢዬን በአንድ ዓይነት ደንበኛ ላይ መሥርቻለሁ። ከየካቲት ጀምሮ ኪሳራውን እያየሁ አራት ወር ያህል "እምነት" ብዬ ቆይቻለሁ። ወንድሜ በመጋቢት ሲጠይቀኝ ደኅና ነው ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ሦስተኛው ንስሐ የሚያስፈልገው ኃጢአት ነው፣ ገባሁበት። ሁለቱ ኃጢአት አይደሉም፣ ስሕተት ናቸው፤ ለስሕተት የሚያስፈልገው መማር እንጂ ራስን መቅጣት አይደለም። ይህን ልዩነት የነገሩኝም ንስሐ አባቴ ናቸው። ፓስተር ወይም ሽማግሌ ያላችሁም ይህንኑ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጅ ሄዶ ከማልቀስ ይሻላል።

ዕዳ ካለባችሁ እርምጃው እዚህ ላይ ከጸሎት ወደ ስልክ ይሸጋገራል። አበዳሪው ሳይደውል እናንተ ደውሉ። ሦስት ነገር ብቻ ንገሩት፦ ያለብኝ ይህን ያህል ነው፣ በወር ይህን ያህል እችላለሁ፣ የምጀምረው በዚህ ቀን ነው። ለአበዳሪ "እግዚአብሔር ያውቃል" ብሎ መመለስ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ ከመጥራት አይርቅም፤ እርሱማ ያውቃል፣ ያላወቀው አበዳሪው ነው። የእቁብ ዕጣ በልታችሁ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ ዳኛውን አነጋግሩ። ከእቁብ መጥፋት ዋሳችሁን ያስይዛል፣ ዕጣ ያልደረሳቸውን ይጎዳል። የእኛ ዳኛ፣ ከእኔ ሃያ ዓመት የሚበልጡ ጋሼ፣ ነገሩን ሰምተው "አንቺ መምጣትሽ ግማሹን ከፈለው" አሉና ሳምንታዊውን በወር እንድከፍል ከአባላቱ ጋር ተነጋገሩልኝ። ለወንድሜ እውነቱን ስነግረው ግን አንድ ሳምንት አላናገረኝም። ተገቢ ነው።

አምስተኛ፦ መረቡን እጠቡ

ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ተሸጦ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት። የታሪኩን ማጠፊያ ብዙዎቻችን ሕልም መፍታቱ ላይ እናደርገዋለን። ዘፍጥረት 40ን ቀስ ብላችሁ ብታነቡት ግን ከሕልሙ በፊት አንዲት ተራ ማለዳ አለች። ዮሴፍ ሥራው ነውና ወደ እስረኞቹ ይገባል፤ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊና እንጀራ አበዛ አዝነው ያያቸዋል፤ ዛሬ ፊታችሁ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ይጠይቃቸዋል። ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው የሌላውን እስረኛ ፊት ያነባል! ሳይጠይቅ ቢያልፍ ኖሮ የሚፈታ ሕልም አይኖርም ነበር።

እስር ቤት ውስጥ መረብ ማጠብ ማለት ይህ ነው። የእናንተስ ምንድን ነው? ዕቅዱ ቢፈርስም ነገ ጠዋት ሊሠራ የሚገባው ተራ ነገር። ሦስት ብቻ ምረጡ፤ አንድ ለሰውነት፣ አንድ ለእጅ፣ አንድ ለሌላ ሰው። የእኔዎቹ፦ ጠዋት እስከ ሐይቁ ዳር በእግር ደርሶ መመለስ፤ ምጣዶቼን ማሰስና ለሁለት ሻይ ቤቶች እንጀራ ጋግሮ ማስረከብ፤ ከፎቅ ወድቃ እግሯ የተሰበረባትን የጎረቤቴን እናት ሐሙስ ሐሙስ ማገላበጥና ማጠብ። የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ አሳልፌያለሁ፣ ክረምት ነበር። ሦስተኛውን አንድም ሐሙስ አላሳለፍኩም። ለምን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ሴትዮዋ ስለሚጠብቁኝ።

ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቁ። ያ ልጅ መረቡን ሲያጥብ ፊቱ ላይ አንዳች የተስፋ ብርሃን አላየሁም። እንቅልፍ ነበር ያየሁት።

ስድስተኛ፦ "ለበጎ ነው" የሚሉትን በትዕግሥት አሳልፏቸው

"እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። በገዛ አፌ ስለው ነው የምወደው። ገና ዕቃ እየጫንኩ ሳለ ከመንገድ ማዶ የጮኸችብኝ ሴት ስትለው ግን ድስቱን ልወረውርባት ምንም አልቀረኝም።

"ለበጎ ነው" ማለት የሚችለው ባለ ጉዳዩ ነው፤ እርሱም ጊዜ ይፈልጋል። ዮሴፍ ለወንድሞቹ "እግዚአብሔር ከእናንተ በፊት ላከኝ" ያላቸው ጉድጓድ ከወረደ 22 ዓመት በኋላ ነው። እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው ያለው ደግሞ አባቱ ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ ዓመታቱን ብትደምሩት ጉድጓድ ከወረደ 39 ዓመት ገደማ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ይህን በሉ የሚላችሁ ሰው አላችሁ?

የሚያጽናኑ ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ ዝም ማለት ስለሚያስፈራቸው ነው። "አሜን፣ ጸልዩልኝ" ብላችሁ እለፉ። ለእውነተኛው ወሬ አንድ ወይም ሁለት ሰው ምረጡ፦ ሳይመክር የሚሰማ፣ የሰማውን ሌላ ቡና ላይ የማያፈስ። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ እስከ ተቀመጡ ድረስ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ሰባተኛ፦ አዲሱን ዕቅድ በእርሳስ ጻፉ

አንዳንድ ሰው አንዴ ከተሰበረ በኋላ ማቀድን ይተዋል፤ መታመን ይመስለዋል። ያዕቆብ በመልእክቱ ነጋዴዎችን የገሠጸው ወደ ከተማ ሄደን እንነግዳለን ስላሉ አይደለም፤ "ጌታ ቢፈቅድ" ስላላሉ ነው። ከተማውም ንግዱም ይቀራል፣ አነጋገሩ ይለወጣል።

ጳውሎስን ተመልከቱት። በሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ወደ እስያ ሊሄድ አሰበ፣ ተከለከለ። ወደ ቢታንያ ሞከረ፣ ደግሞ ተከለከለ። ቁጭ ብሎ ራእይ አልጠበቀም፤ ወደተከፈተለት እየሄደ ጢሮአዳ ደረሰ፣ የመቄዶንያው ሰው ራእይ የታየውም እዚያ ነው። ስለዚህ "ምልክት ካላየሁ አልንቀሳቀስም" ለምትሉ፣ ጳውሎስ ምልክቱን ያየው ብዙ ከተጓዘ በኋላ እንደ ነበር አስታውሱ።

የፈረሰውን ዕቅድ ልድገመው ወይስ ልተወው? ከዚህ በፊት የጻፋችሁት "የእኔ" የሚለው ዝርዝር ይመልሳል። የወደቃችሁበት ምክንያት ልታርሙት የምትችሉት ከሆነ መድገም ይቻላል። "የማንም ያልሆነ" በሚለው ሥር ከሆነና ካልተለወጠ፣ በሌላ በኩል ዙሩ። ከዚያ የሦስት ወር ዕቅድ ብቻ ጻፉ፤ አምስት ዓመቱን ተዉት። ሦስት መስመር ይበቃል፦ የምሠራው፣ የማላልፈው የወጪ ልክ፣ ቆም ብዬ የማይበት ቀን። ከበላዩ "ቢፈቅድ" ብላችሁ ጻፉ፤ በቀለም ጻፉት እርሱን።

እኔ ያቀድኩት እንጀራውን ከሁለት ሻይ ቤት ወደ አምስት ማድረስ ነበር። ሦስት ደረስኩ። አንዱ ሳይከፍለኝ ስለ ቆየ ተውኩት፣ እንደገና ሁለት ሆንኩ። የወንድሜን ገንዘብ ከግማሽ በላይ መልሻለሁ፤ የእቁቡን ጨርሻለሁ። ምግብ ቤቴ የነበረችው ክፍል አሁን መድኃኒት ቤት ሆናለች፤ ራስ ምታት ሲይዘኝ እዚያው እገዛለሁ፣ መጋረጃዬ የነበረበት ሚስማር ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። ለምን እንደ ተዘጋች አሁንም አልገባኝም። በሦስት ወር አንዴ ወረቀቷን አውጥቼ አያለሁ፤ በቀኝ አምድ ላይ የከበብኩት የልጄ ትምህርት ብቻ ነው፣ እርሱን በየሰኞው እለምነዋለሁ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። 87ኛውን ደግሜ ወደ ጎረቤቴ እናት እሄዳለሁ፤ ውኃው እሳት ላይ ነው።